ለመድረክ ያቆየኋት ጥርስ

ጥርሷ ከላይ፣ ከፊት ካሉት ከሁለቱ ትልልቆች የግራዋ ነበረች። እኔ ድሮም ብዙ የምስቅ ሰው ስላልሆንኩ ለመልኬ ብዬ የተጨነቅሁላት አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ትራምፔት በሚነፋ ሰው ከንፈር ላይ ማውዝፒስ የምንላት ትንሽ ጽዋ የመሰለች ብረት ታርፋለች፤ ከንፈሩ ደግሞ በፊት ጥርሱ ይደገፋል። ጥርስ ከሌለ ከንፈር የሚደገፍበት የለውም። አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። ወጣት ሰው ቢሆን አዲስ ጥርስ አስተክሎ፣ ከንፈሩን እንደ ሕፃን ከዳዴ ጀምሮ ያስተምረዋል። በእኔ ዕድሜ ያ ጊዜ የለም።

መጠዝጠዝ የጀመረችው እንደ ፈረንጆቹ በ2020 መጋቢት ላይ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ካዚኖዎቹ በተዘጉ ሰሞን ነው። እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ከዚያ በፊት የካዚኖ በር ተዘግቶ ያየ ሰው የለም። ሌሊት የለ፣ ቀን የለ፣ በዓል የለ። አንዳንዱ በር ቁልፍ እንኳ አልተሠራለትም ነበርና ሰንሰለት ፈልገው አሰሩት እየተባለ ይወራ ነበር። እኔ የምመራው የሳልሳ ባንድ ቅዳሜና እሑድ የሚጫወትበት ላውንጅም አብሮ ተዘጋ። ማናጀሩ ለሁላችንም ቤታችሁ ጠብቁ አለን። ነጩን ኮቴን በላስቲክ ሸፍኜ ሰቀልኩት።

ባለቤቴ የሆቴል ክፍል አጽጂ ናት፤ እሷንም በዚያው ሳምንት ቤትሽ ግቢ አሏት። ሰንራይዝ ማነር ያለችው አፓርታማችን ውስጥ ሁለታችንም ሥራ ፈት ሆነን ተፋጠጥን። ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ ተቀምጬ ስታየኝ ሄደህ አስነቅላት አለችኝ። መድረኩ እስኪከፈት አትነቀልም አልኳት።

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

«በሁለት ሳምንት ይላሉ።»

«እንግዲያው ሁለት ሳምንት ቅርንፉድ ያዝባት» አለችና ከብልቃጥ አንድ ፍሬ አውጥታ ሰጠችኝ። ያቺ ብልቃጥ ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደተሞላች እኔም እሷም አናውቅም።

ከመጀመሪያው ልነሣ፣ አለበለዚያ ለአንዲት የተበላሸች ጥርስ ይህን ያህል ምን አስለፈለፈው ትሉኛላችሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ያደግሁት ሐረር ነው፤ አባቴ ሲሞት አጎቴ እጄን ይዞ ጦር ሰፈር ወሰደኝና ለሙዚቃ ክፍሉ አስረከበኝ። እዚያ መሣሪያ የሚመደበው በፍላጎት አልነበረም። ሃምሳ አለቃው በረድፍ አቁሞ፣ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው አፋችንን እያስከፈተ ጥርሳችንንና ከንፈራችንን አየ። ከንፈሩ ወፈር ላለው ትልቁን ቱባ፣ ጥርሱ ለተዛባው ከበሮ። እኔ ጋ ሲደርስ በአውራ ጣቱ የፊት ጥርሶቼን ገፋ ገፋ አደረገና «ይኼ ትራምፔት ነው» አለ። ስሜን እንኳ አልጠየቀም። ዕድሜ ልኬን ያኖረኝ ሙያ የገባልኝ እንግዲህ በጥርሴ ነው።

ማርሽ ተማርኩ። ባንዲራ ሲሰቀል፣ ባንዲራ ሲወርድ፣ ባለሥልጣን ሲመጣ፣ ወታደር ሲቀበር። የሁሉም እግር እኩል የሚወድቅበት ሙዚቃ ነው። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ፣ ከጦርነቱም ጋር ኩባዎቹ መጡ። ሰፈራችን አጠገብ ሰፈሩ። ከእነሱ አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ከእኛ ሰዎች የማይለይ። አንድ ከሰዓት በኋላ በትራምፔቴ ስለማመድ ሰማኝና መጣ። ቋንቋ የለንም። ከመኪናው ሁለት መፍቻ አውጥቶ የሞተሩን ክዳን ይመታ ጀመር፤ ሦስት ምት፣ ዝም፣ ሁለት ምት። እኔ እንደለመድኩት ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ብዬ ልገባበት ስሞክር ራሱን ይነቀንቃል። ወገቤን ይዞ ወዘወዘኝ። ጓደኞቼ ከሩቅ ሆነው በሳቅ ሞቱብኝ። እነሱ ክላቬ ይሉታል፤ ሁለት አጫጭር ድብልብል እንጨቶች ናቸው፣ ሲጋጩ የሚሰጡት ምት የዘፈኑ ሁሉ መሠረት ነው። እኔ የተማርኩት ግን በመፍቻ ነው። ሾፌሩ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ አልተለያየንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን የኖርንበት ሁላችን እናውቀዋለን፤ አልመለስበትም። ሱዳን ስገባ ትራምፔቱን ትቼ ማውዝፒሷን ብቻ በኪሴ ይዤ ነው። ከመንግሥት ንብረት የነካሁት ነገር ቢኖር እሷን ነው። ስደተኛ ሆኜ ላስ ቬጋስ ስደርስ ካዚኖ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጣቢነት ገባሁ። በእረፍት ሰዓት ከኋላ በር፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆሜ ማውዝፒሷን ብቻዋን እነፋታለሁ። ያለ ትራምፔት ስትነፋ እንደ ተናደደች ንብ ነው ድምፅዋ። ግን ከንፈር እንዳይረሳ ያደርጋል።

በዚያ ካዚኖ ላውንጅ የሚጫወት የሳልሳ ባንድ ነበር። መሪው ሽማግሌ ኩባዊ፣ ራሱ ትራምፔት ነፊ፣ ከወጥ ቤት ሰዎች ጋር መብላት የሚወድ። አንድ ቀን ንቤን ሰምቶ ወጣ። ያን ምት ከየት ተማርከው አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ ከአገርህ ወታደሮች፣ በአገሬ ላይ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ምግቡን ጥሎ ሄደ። ምን አጠፋሁ ብዬ አብሳዮቹን ብጠይቅ፣ ይኼ ሰው እኮ እነዚያን ወታደሮች ሸሽቶ ነው በጀልባ የመጣው፣ ወንድሙን ገድለውበታል አሉኝ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አጠገቤ ቆሞ ሲጋራውን አጨሰና እንዲህ አለኝ፦

«ባሕር ተሻግሬ ሸሸኋቸው። እነሱ በአፍሪካ ዞረው፣ በአንተ አፍ ገብተው፣ ሳህን እያጠቡ ደረሱብኝ።»

ከዚያ ቅዳሜ ልምምድ ና አለኝ። ትራምፔት ራሱ አበደረኝ።

ከጀርባ ሦስተኛ ትራምፔት ሆኜ ጀመርኩ። ዓመታት ሄዱ። ቀን ወጥ ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ መድረክ። ሽማግሌው ብዙ አያወራም፤ አንድ ነገር ግን ደጋግሞ አስተምሮኛል። ሌላ ባንድ ሲጀምር መሪው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይቆጥራል። እሱ አይቆጥርም። በአፍንጫው ይስባል፣ በቃ። ያቺን ትንፋሽ ሁሉም ይሰማታል፤ ፒያኖውም፣ ከበሮውም፣ ዘፋኙም። ረጅም ከሆነች ዘፈኑ ቀስ ያለ ነው፣ አጭር ከሆነች የሚያስጨፍር ነው። አስተናጋጆች ቢንጫጩ፣ የቁማር ማሽን ቢጮህ፣ እኛ ትንፋሹን እንሰማለን። ሳንባው ታሞ መቆም ሲያቅተው በባንዱ ፊት ሁለቱን የክላቬ እንጨቶች እጄ ላይ አስቀመጠና፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ሐበሻ ትንፋሽ ስሙ አላቸው። እንዲህ ሆኜ ነው የባንድ መሪ የሆንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኤስትሮ፣ የሙዚቃ መምህር እንደማለት፣ ይሉኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ቀልድ ነበር፣ በኋላ ስሜ ሆነ።

በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሌላ ስም ነበረኝ፤ ጥሩምባ ነፊው። አገር ቤት ጥሩምባ ነፊ ማለት የእድር ሰው ነው፣ በየመንደሩ ሞት የሚለፍፍ። ሴቶቹ በር ላይ ሲያገኙኝ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ይሉኝ ነበር እየሳቁ። እኔም እናንተ እያላችሁ ማን ይሞታል እላቸዋለሁ። በዚያ በኮሮና ዓመት ግን ቅዳሴውን በስልክ እያየን፣ የእገሌ አባት፣ የእገሊት እናት የሚል ወሬ በየሳምንቱ ሲመጣ፣ ያን ቀልድ የደገመው ሰው የለም።

ወደ ጥርሴ ልመለስ። ሁለት ሳምንት ያሉት ሁለት ወር ሆነ። ካዚኖዎቹ በሰኔ ግማሽ በግማሽ ተከፈቱ፣ ላውንጁ ግን አልተከፈተም። ቁማር ይቻላል፣ መጨፈር አይቻልም። መንፋትማ ጭራሽ። እኔ የምኖርበት ሙያ፣ ትንፋሽ ወደ ሰው መላክ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ነገር ሆኖ አረፈው።

የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ሥሩ ሞቷል፣ አጥንቱም ተጎድቷል፣ ማዳን አይቻልም፣ ትነቀል አለች። ለምን እንደማልችል ነገርኳት። በፕላስቲክ መከለያዋ ውስጥ ሆና ትንሽ አሰበችና ስንት ጊዜ ትፈልጋለህ ብላ ጠየቀችኝ። እስኪከፈት አልኳት። የመግል መድኃኒት ጽፋ ሰጠችኝ። ልጄም ከሰዘርን ሃይላንድስ መጥታ፣ በር ላይ በማስክ ቆማ ተቆጣችኝ። «አባዬ፣ ፔይን አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ አንተ ግን ዌይት ታደርጋለህ። ለምን?» አለችኝ። እናቷ ከውስጥ ሆና፣ አባትሽ ጥርሱን ለካዚኖ ቀብድ ሰጥቶታል አለቻት።

ከንፈር ደግሞ ካልሠራ በወር ውስጥ ይላላል። ጥርስ ጠብቄ ከንፈር ብጥል ምን ዋጋ አለው። አፓርታማ ውስጥ ስነፋ ጎረቤት ግድግዳ መታ፤ እውነቱን ነው፣ እሱም ቤቱ ታስሮ ነው የሚውለው። ስለዚህ መኪናዬን ይዤ አንድ የተዘጋ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ እሄድና ፊቴን ወደዚያ ወደ ራቁቱ ተራራ አዙሬ ፓርክ አደርጋለሁ። መስኮቱን ዘግቼ እነፋለሁ። የላስ ቬጋስን በጋ የማያውቅ ሰው ይኼ ቀላል ይመስለዋል። ብረቱ ከንፈር ይጠብሳል። የቁልፎቹ ዘይት ይደርቃል። ማውዝፒሷን ለዚህ ብዬ መኪና ውስጥ አላስቀምጣትም፣ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነው የማውላት። ጥርሷ ጥሩ ቀን ሲኖራት ሩብ ሰዓት ታስነፋኛለች፤ ሲከፋባት አንድ ረጅም ድምፅ አውጥቼ ዓይኔ እንባ ይሞላና አቆማለሁ። አንድ ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ። ይኼ ሽማግሌ ብቻውን መኪና ውስጥ ያለቅሳል ብለው ደውለው ነው የላኩት።

በኅዳር ገደማ ፒያኖ ተጫዋቻችን ደወለልኝ። የባንዱ ልጅ እግሩ እሱ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ። በእጁ የሚታማ አይደለም፣ ጎበዝ ነው። ከማናጀሮች ጋር መነጋገር፣ ወረቀት መፈረም፣ ኮምፒውተር የሚነካ ነገር ሁሉ የእሱ ድርሻ ነበር፤ እኔ ትንፋሹን፣ እሱ ቀሪውን። ሐሳቡን ሲነግረኝ ደስ አለኝ። እያንዳንዳችን ለየብቻችን እንቀዳለን፣ እሱ በኮምፒውተር ይገጣጥመዋል፣ ባንዱ ሳይገናኝ አብሮ ይጫወታል፣ ሲከፈት ደግሞ ዘፈኖቹ ከእጃችን አይጠፉም። ከመላው ባንድ ጋር የምገናኝበት መንገድ ሌላ አልነበረኝም።

ቤቱ አሊያንቴ የሚባል ሰፈር ነው። ጋራዡ ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ማይክ አቁሞ ጠበቀኝ። እኔ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ እቆማለሁ፣ እሱ በግማሽ ከተከፈተው በር ውጪ ወንበር ላይ በማስክ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ይይዛል። ለብዙ እሑድ ተመላለስኩ። ያለንን ዘፈን ሁሉ ነፋሁ። እውነት ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የነፋሁ አይመስለኝም፤ ወራት የተጠራቀመ ነገር ነበረኝ። በአንደኛው ዘፈን መካከል፣ ድምፁ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ፣ እዚያ ስደርስ ጥርሷ እንደ መርፌ ወጋችኝ። ከንፈሬ ሸሸ፣ ድምፁ ታጠፈና ተመልሶ ገባ። ልድገመው አልኩት። አይሆንም ማኤስትሮ፣ እሱ ነው የሚያምረው አለኝ።

ዘፈኖቹ ሲያልቁ ደግሞ ድምፆቹን ለየብቻ ስጠኝ አለ። ከታች እስከ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ በለሆሳስም በኃይልም፣ አጭርም ረጅምም። ለምን አልኩት። ስህተት ካለ ለማረም ነው አለኝ። ሃምሳ አለቃው ፊት እንደቆምኩ ልጅ አንድ በአንድ ሰጠሁት። ስጨርስ አፌ ውስጥ ደም ነበር፤ ምራቄን በመሐረብ ያዝኩና እንዳያይብኝ ኪሴ ከተትኩት።

የተገጣጠመውን ሲያሰማኝ ሁላችንም አለን። ከበሮው አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ እኔ አለሁ። ልቤ ሞላ። ግን አንድ ነገር ጎደለኝና መልሰው አልኩት። ድምፄ ከየትም ሳይነሣ ድንገት ይገባል።

«ትንፋሼ የታለ?» አልኩት።

«አጸዳሁት፣ ማኤስትሮ። ጫጫታ ነበር።»

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። የኮምፒውተር ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ክረምቱ አለፈ፤ በ2021 የጸደይ ወራት ክትባት ተወጋን። ባለቤቴ ወደ ሥራ ተጠራች። ላውንጁ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ መጣ። ኮቴን ከላስቲክ አወጣሁት፤ ከስቼ ስለነበር ባለቤቴ ቁልፉን ወደ ውስጥ አስገብታ ሰፋችልኝ። ጥርሷን በእጄ እየነካሁ ትንሽ ቀረሽ፣ ትንሽ ቀረሽ እላታለሁ። ፊቴ ግን አንድ ቀን ተነፍቶ አደረ። ሐኪሟ ዳግመኛ መድኃኒት ሰጠችኝና ይኼ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ ወደ ደምህ ይገባል አለች። ምን ያህል ጊዜ ስትለኝ ያው እስኪከፈት አልኳት።

በግንቦት ፒያኖ ተጫዋቹ ደወለ። ይከፈታል፣ ግን ማናጀሩ ለጊዜው አራት ሰው ብቻ ነው ያለው። ፒያኖ፣ ባስ፣ ከበሮ፣ ዘፋኝ። የሚነፋ መሣሪያ አልተፈቀደም። ያለ ትራምፔት እንዴት ሳልሳ ይሆናል አልኩት። እናየዋለን፣ ማኤስትሮ፣ ለጊዜው ነው አለኝ። እኔም ክፉ አላሰብኩም። ሂዱ ተጫወቱ፣ ቦታችንን ያዙልን፣ እኔ እጠብቃለሁ አልኩት። ከልቤ ነበር።

በቅርንፉድ ሌላ ወር ቆየን፤ ከዚያም ሌላ። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ከሺፍት ስትመለስ፣ ተነሥ፣ ኮትህን ልበስና ልጆችህን ሄደን እንስማቸው አለችኝ። ከፊት ለፊት መቀመጥ አልፈለግሁም፤ ከምሰሶው ጎን ጠረጴዛ ያዝን። አስተናጋጇ የጥንት ናት፤ ስታየኝ ደንግጣ አቀፈችኝ፣ ለምን አልተመለስክም አለችኝ። መንፋት እስኪፈቀድ ነው አልኳት። እኔን አየችኝ፣ ባለቤቴን አየችና፣ መንፋት እኮ ከተፈቀደ ቆየ፣ ማዶ ያለው ላውንጅ ውስጥ ሳክስፎን አለ አለችኝ። ውኃ አምጥታልን ሄደች።

መብራቱ ቀነሰ። አራቱ ወጡ። ዘፋኙ ሁለቱን እንጨቶች አጋጨ፤ የእኔን እንጨቶች፣ ሽማግሌው የሰጠኝን፣ ላውንጁ ውስጥ ከመሣሪያዎቹ ጋር ትቻቸው የሄድኩትን። ፒያኖው ገባ። ከዚያ ትራምፔት ገባ።

መጀመሪያ ሌላ ሰው የቀጠሩ መስሎኝ አንገቴን አስግጌ መድረኩን ፈለግሁ። ማንም የለም። ፒያኖ ተጫዋቹ በግራ እጁ አንድ ትንሽ ሳጥን ይነካል። ድምፁ ግን ይሞቃል፣ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ማን ይሆን ይኼ ጎበዝ ብያለሁ በልቤ። ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ደረሰ። ድምፁ ታጠፈ፣ ተመለሰም። ጥርሴ ያን እሑድ የወጋችኝ ቦታ ላይ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከፊታችን የሚጨፍሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሰውዬው ሚስቱን እያሽከረከረ፣ ያን ሰማሽው አላት።

በሁለተኛው ዙር ያንኑ ዘፈን ሰዉ ስለጠየቀ ደገሙት። እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ፣ እንደዚያው ታጠፈ። ሕመሜን በቃሉ አጥንቶታል።

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያ አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

ማስኬን መልሼ አጠለቅሁ።

ሲያርፉ ፒያኖ ተጫዋቹ አየኝና ወደ ጠረጴዛችን መጣ። አልሸሸም፣ ይኼን እመሰክርለታለሁ። ማናጀሩ አራቱ ይበቃሉ እንዳለው፣ ሰዎቹን ሁሉ ልመልስ ካለ ጭራሽ ዲጄ እንደሚያመጣ እንደነገረው ገለጸልኝ። ሌሎቹ ነፊዎችም እንዳልተጠሩ፣ አንደኛው ወደ ልጁ፣ ቴክሳስ እንደሄደ ነገረኝ። እኔን ለማጽናናት ብሎ ደግሞ፣ «አንተ ግን ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ነህ፣ ማኤስትሮ። ድምፁ ያው ያንተ ነው» አለኝ።

«ድምፁማ የኔ ነው» አልኩት። «ስትገቡ የማንን ትንፋሽ ነው የምትሰሙት?»

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ጆሮው ላይ የተሰካ ነገር ነበር፤ ነካ አድርጎ አሳየኝ። ማሽኑ በጆሯቸው ይቆጥርላቸዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አስቦበት ነው ጋራዡ ውስጥ ያን ሁሉ እሑድ ያቆመኝ ወይስ ነገሩ በኋላ ነው የመጣለት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር ይመስለኛል። አልጠየቅሁትም። የትኛውም መልስ የሚጠቅመኝ አልሆነም።

በመመለሻችን ባለቤቴ ነዳች። ቤት ስንገባ የቅርንፉዱን ብልቃጥ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ከቅመሞቹ ጋር መልሳ ደረደረችው።

ሰኞ ለሐኪሟ ደወልኩ። ስትነቅላት ብዙ አልታገለችም፤ ድሮም በእኔ ልመና ነበር የቆመችው። ላያት እፈልጋለሁ አልኩና በፋሻ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቢጫ፣ ሥሯ የጠቆረ፣ ይኼን ያህል የማታስጨንቅ ነገር። ቤት ወስጄ ለባለቤቴ አሳየኋት።

«እንደ ልጅነታችን ጣሪያ ላይ ወርውራት» አለችኝ።

«ጣሪያው የአከራያችን ነው።»

«እንግዲያው ለእሱ ያብቅልለት» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ውኃው ብዙ ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት። እኔ ጥርሷን ከነፋሻዋ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት።

ሐኪሟ በቦታው ሌላ ልትተክልልኝ ፈልጋ ነበር። ለመብላት ይህ ይበቃኛል አልኳት። ትራምፔቱን ጠርጌ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስገባሁት። አንድ ቀን ቤት ማንም በሌለበት አውጥቼ ሞክሬዋለሁ። አየር ብቻ ነው የወጣው፤ በር ሥር እንደሚገባ ነፋስ። መልሼ ከተትኩት።

ከዚያ በኅዳር፣ ልክ በዓመቱ ማለት ነው፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ደወለ። ድምፁ የተቸገረ ሰው ድምፅ ነው። ደንበኞቹ አዲስ ዘፈን ይጠይቃሉ፣ ዘፈኖቹን ለምደዋቸዋል፣ እንዲያውም ያቺ የምትታጠፈው ድምፅ ስትደርስ አብረው የሚያፏጩ አሉ። ለየብቻ የቀዳናቸውን ድምፆች እየቀጣጠለ አዲስ ዘፈን ሊሠራ ሞክሮ ነበር፣ የልጅ መጫወቻ ይመስላል አለኝ። ማናጀሩ ፊቱን ማጥቆር ጀምሯል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋራዡ ብቅ ብትልልኝ፣ ሁለት ዘፈን ብቻ፣ አለኝ።

«አስነቅያታለሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«የፊት ጥርሴን። ልነፋ አልችልም።»

በስልኩ ውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እሱም ጠፋ። መቼ አለኝ። እናንተን ሰምቼ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን አልኩት። ለምን ሳትነግረኝ አለ። ሳልነግርህ ያቆየኋት ነበረች፣ ሳልነግርህ ሄደች አልኩት። በመጨረሻ፣ በዝግታ፣ ሰውን ላለማስቀየም እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ እንደ አንተ የሚነፋ የምታውቀው ሰው ይኖር ይሆን ብሎ ጠየቀኝ።

ክፋት አልያዘኝም፤ ከልቤ አሰብኩለት። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ማውዝፒሷ ነበረች፣ አሁንም ከዚያ አትጠፋም፤ በጣቴ እያሻሸሁ በዚህ ከተማ የማውቃቸውን ሁሉ በልቤ ዞርኩ።

«አሉ» አልኩት። «ግን ሲገቡ ይተነፍሳሉ።»

በዚህኛው አልሳቀም።